ስም ከመቃብር በላይ እንዲውል



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ የደስታ ሰዓት ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ስለ መቃብር ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን የምሥረታ በዓል ማክበር ማለት ከእኛ በፊት የነበሩትን ማስታወስ ማለት ነው። ዛሬ የቆመውን ቤት ዛሬ ያሉት ሰዎች ብቻ እንዳልሠሩት ሁሉ፣ የምንኖርበትን ሰፈርም ያቀኑት አሁን የምናያቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ያቀኑት አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል። ስለዚህ የሰፈሩን ታሪክ ለማወቅ የሚወድ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሄድ ይገባዋል።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እኔም በዛሬው ንግግሬ የምመረምረው ይህን አባባል ነው። በእውነት ስም ከመቃብር በላይ ይውላልን? የሚውለውስ የማን ስም ነው? በምንስ ኃይል?

በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እንመልከት። የሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ ቢሆንም አራት ማዕዘን ቢሆንም ውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ ያለው ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ዛፉ ይበቅላል፤ ድኃው ይጠለላል፤ ሕዝቡ በበዓል ቀን ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሙታንም ያርፋሉ። በዱሮ ዘመን ለሕንፃው የቀረበው ቦታ ለካህናት፣ ለመኳንንትና ለደብሩ ባለውለታዎች ነበር። ሌላው ሕዝብ ወደ ቅጥሩ እየራቀ ይቀበር ነበር። ስለዚህ ማንበብ ለሚችል ሰው ግቢው ራሱ የማኅበራዊ ኑሮ ካርታ ነው፤ ማን ትልቅ፣ ማን ትንሽ ይባል እንደ ነበረ ያሳያልና።

ከዚህ ቀጥሎ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዱሮው ልማድ በአብዛኛው ሰው መቃብር ላይ ጽሕፈት አይደረግም ነበር። ድንጋይ ይከመርበታል፣ ወይም ዛፍ ይተከልበታል እንጂ ስም አይቀረጽበትም። ማስታወሻው በድንጋይ ሳይሆን በጸሎትና በማዕድ ነበር። በቀብሩ ቀን ፍትሐት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሣልስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ እስከ ሰባት ዓመትም ድረስ መታሰቢያው ይቀጥላል። በተዝካሩ ድኃው በልቶ «ነፍስ ይማር» ይላል። ይህ ያማረ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሰባቱ ዓመት ሲያልፍ፣ ልጅ ሲሞት፣ የልጅ ልጅ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ማስታወሻውም አብሮ ያልፋል።

ሌላም ችግር አለ። ካህኑ በጸሎት የሚጠራው ሟቹ በጥምቀት ቀን የተቀበለውን የክርስትና ስሙን ነው፤ ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል ይለዋል። ጎረቤቱ ግን በዓለም ስሙ ያውቀዋል። አንዱ ሰው በመቅደሱ ውስጥ በአንድ ስም፣ በደጁ በሌላ ስም ይታወቃል ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች አጋጥሞ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ግን መጋጠሚያው ይጠፋል።

ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ወደ አክሱም እንሻገር። የአክሱም ሐውልቶች በጥንት ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች መቃብር ላይ የቆሙ ምልክቶች መሆናቸውን ሊቃውንት ይስማሙበታል። ከነሱም አንዱ፣ 24 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በዚያች ከተማ አደባባይ ቆመ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ገና ተተከለ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የፎቁን አምሳል አሳምረው የቀረጹት ጠራቢዎች ግን በላዩ ላይ አንዲት ቃል አልጻፉበትም። ስለዚህ ያ ሁሉ ድንጋይ የቆመለት ንጉሥ ስሙ ማን እንደ ሆነ በእርግጥ የሚናገር የለም። ንጉሥ ኤዛና ግን ሥራውን በድንጋይ ላይ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል ስላስጻፈ፣ ከ1600 ዓመት በኋላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳይቀር ስሙን ይጠራል። እንግዲህ ስምን ከመቃብር በላይ የሚያውለው የድንጋዩ ትልቅነት ሳይሆን ጽሕፈቱ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይህ ሐውልት በሮማ ቆሞ ሳለ አንድ ኢትዮጵያዊ በአጠገቡ በባዶ እግሩ አለፈ። ጊዜው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሰውየውም የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ከሐውልቱ አቅራቢያ ፍጥነቱን ጨምሮ ተወዳዳሪውን ትቶ ሄደ፤ ማራቶኑንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጽሞ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ። ስሙ ያልታወቀው ንጉሥ መቃብር ምልክት በባዕድ አገር ቆሞ፣ የመንዲዳ አካባቢ የእረኛ ልጅ በፊቱ ስሙን ለዓለም ሲያስጠራ አየ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአበበ መቃብር የሚገኘው በእኛው በደቡቡ አዲስ አበባ በኩል፣ በደብረ ዘይት መንገድ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከንፋስ ስልክ ለምንመላለስ ተማሪዎች ሩቅ አገር አይደለም። በየቀኑ በታክሲና በአውቶቡስ ከምናልፍባቸው ስፍራዎች መካከል ነው። ስንቶቻችን ግን ገብተን አይተነዋል?

የአበበ ኑሮ በሮማ አላበቃም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከሱ በፊት የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታከመ፤ ሩጫ ሲቀርበት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፈለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ሸኘው፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቀብሩ ላይ ተገኙ። በዱሮው ሥርዓት ቢሆን ወደ ቅጥሩ ዳር ሊቀበር ይችል የነበረ የእረኛ ልጅ፣ ንጉሠ ነገሥት ቆመው ሸኙት፤ በመቃብሩም ላይ ሐውልት ቆመለት።

በዚያው በቅዱስ ዮሴፍ ጓደኛው ሻምበል ማሞ ወልዴም አርፏል። ሁለቱ በ1924 ዓ.ም. የተወለዱ እኩያሞች ናቸው። አበበ በሜክሲኮ ታሞ ውድድሩን ባቋረጠ ጊዜ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማሞ ወርቁን ተቀበለ፤ በሙኒክም በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት መለወጥ ያመጣውን መከራ አይቶ፣ ረጅም ዘመን በእስር ቆይቶ፣ በተፈታ በጥቂት ወራት ውስጥ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ዐረፈ። በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉ በነዚህ ሁለት መቃብሮች የሀገራችን የ70 ዓመት ታሪክ ተጽፏል ማለት ይቻላል፤ ክብሩም፣ አደጋውም፣ እስሩም፣ ሞቱም።

ከዚህ ወደ ሰሜን ወጥተን የታላላቆቹን መካነ መቃብር ብናይ ይኸው ነገር ጎልቶ ይታያል። በታእካ ነገሥት በዓታ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የእቴጌ ጣይቱና የንግሥት ዘውዲቱ መቃብር አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ለብዙ ጊዜ ተሰውሮ ነበር፤ የከተማይቱ መሥራች እንኳ በሞቱበት ጊዜ በይፋ አልተለቀሰላቸውም። በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርበኞች አርፈዋል። ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት በእንግሊዝ አገር በጋዜጣ የተሟገቱት፣ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፉት ሲልቪያ ፓንክረስትም ባዕድ ሳይባሉ በዚያው ተቀብረዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ወደ 60 የሚሆኑ ሚኒስትሮችና የጦር መኰንኖች በመጀመሪያ በአንድ ጉድጓድ ተጥለው ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር በዚያ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ መቃብራቸው ሳይታወቅ 16 ዓመት አለፈ፤ ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ልብ በሉ፤ የሰውን ስም ለማጥፋት የፈለገ መንግሥት መጀመሪያ የሚያደርገው መቃብሩን መደበቅ ነው። ስሙን ለመመለስ የፈለገም መጀመሪያ የሚሠራለት መቃብር ነው። እንግዲያስ መቃብር ለሙታን ብቻ የሚያገለግል ነገር አይደለም፤ በሕያዋን መካከል የሚገኝ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ዝነኞች ናቸው። ንጉሥ ቢሰወር የሚፈልገው አይጠፋም። የጀግና ስም በመጽሐፍ አለ። የሰፈሩን የመጀመሪያ ጉድጓድ የቆፈረው ውኃ አውጪ፣ ለደብሩ ደወል ገንዘብ ያሰባሰበችው እመቤት፣ በየቤቱ እየዞረ ልጆችን ፊደል ያስቈጠረው የኔታ የት አሉ? የሰፈራችን ስም እንኳ ትዝታ አለው፤ ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነውና፣ በዚህ አካባቢ የነበረውን የራዲዮ ጣቢያ ያስታውሰናል። የማሽኑ ትዝታ በሰፈሩ ስም ቀርቷል፤ ከማሽኑ አጠገብ የኖሩት ሰዎች ስም ግን በየት ይገኛል?

በሌሎች አገሮች ስለዚህ ነገር ቀደም ብለው አስበዋል። ከሚሲዮን መምህራን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። ስለዚህ ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ የአያት ቅድመ አያቱን፣ ገበሬም ቢሆን፣ በመዝገቡ ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። በጉለሌ በሚገኘው የጦርነት መቃብርም ሀገራችንን ነጻ ለማውጣት በተደረገው ዘመቻ የሞቱ ወታደሮች አርፈዋል። የዚህ ዓይነቱን መቃብር የሚጠብቀው ኮሚሽን በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲቋቋም፣ መኰንንም ይሁን ተራ ወታደር አንድ ዓይነት ድንጋይ እንዲደረግለት ደንብ አወጣ። መልካም ደንብ ነው። ሆኖም ይኸው ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹም አፍሪካውያን፣ ስማቸው ሳይጻፍ መቅረቱን አምኗል። ደንቡ ለሁሉ እኩል ነበር፤ መዝገቡ ግን ለሁሉ እኩል አልነበረም። ስሙን የሚጽፍለት ያጣ ሰው ደንብ ብቻውን አላዳነውም።

በእኛም አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፉ ተደንግጎ፣ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ተጀምሯል። ከአሁን ወዲያ የሚሞተው ሰው ስሙ በመዝገብ ይገኛል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ከዚያ በፊት የሞቱት ግን በዚህ መዝገብ የሉም። ለነሱ የቀረን ሦስት ነገር ነው፤ በመቃብሩ ላይ ያለው ጽሕፈት፣ የዕድር መዝገብና የሽማግሌዎች ቃል።

ስለ ዕድር መዝገብ ጥቂት ልናገር። በየሰፈራችን ዕድር አለ። የዕድሩ ጸሐፊ የአባሉን ስም፣ ወርኃዊ መዋጮውን፣ ቤተሰቡን፣ ሞት ሲደርስ የተከፈለውን ገንዘብና ቀኑን ይጽፋል። ይህን ደብተር የምናየው የቅጣትና የመዋጮ መጻፊያ አድርገን ነው። በእውነቱ ግን የእንግሊዙ አጥቢያ መዝገብ በእኛ አገር የያዘው መልክ ይህ ነው። ደኸየም ከበረም፣ መዋጮውን እስከ ከፈለ ድረስ የእያንዳንዱ ሰው ስም በእኩል መስመር ይሰፍራል። አሮጌው ደብተር ሲሞላ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ይጣላል፤ አይጥና እርጥበት ይበላዋል።

ጊዜውም እየጠበበን ነው። ከተማችን ስትታደስ ሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዛወራል። ነዋሪው ሲበተን ዕድሩ ይበተናል፤ ደብተሩም ባለቤት ያጣል። በየደብሩ የመቃብር ቦታ ስለ ጠበበ አዲስ ሟች በአሮጌው ላይ የሚቀበርበት ጊዜ አለ። በአንድ ደብር ግቢ ከጓደኞቼ ጋር ተዘዋውረን የመቃብሩን ጽሕፈት ስናነብ፣ በሲሚንቶ ላይ በቀለም ብቻ የተጻፈው ስም ዝናምና ፀሐይ አጥበውት «ተወለደ» እና «ዐረፈ» የሚሉት ቃላት ቀርተው፣ የሰውየው ስም ጠፍቶ አየን። የቀኖቹ ቃል ቀርቶ የሰውየው ስም መጥፋቱ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ «የሙታንን ስም እግዚአብሔር ያውቃል፤ እናንተ ልጆች ምን አስቸኰላችሁ? ሙታንንም አታውኩ» ሊለን ይችላል። ይህ ንግግር በትሕትና የሚሰማ ነው። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ እናምናለን። እኛ ግን አናውቅም፤ መዝገቡ የሚያስፈልገውም ለእኛ ነው። ደግሞም ሙታንን የሚያውካቸው የተማሪ እርሳስ አይደለም፤ ማን እንደ ሆኑ ሳይታወቅ ስፍራቸውን መርገጥ ነው። ስማቸውን ማወቅ ግቢውን በአክብሮት እንድንረግጥ ያስተምረናል።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ በኩል በያንዳንዱ ዓመት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የአንድ አጥቢያ መካነ መቃብር ይመዝግቡ። ይህም እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ያለ ፈቃድ ማንም አይግባ። ሁለተኛ፣ ቅዳሴና ቀብር በሌለበት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ሲያነብ አንዱ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በደብተሩ የሟቹ የዓለም ስም፣ የሚታወቅ ከሆነ የክርስትና ስሙ፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን፣ ሥራው፣ ድንጋዩ የሚገኝበት ስፍራ ይስፈር፤ የማይነበብ ነገር ካለም በግምት አይሞላ፤ «አይነበብም» ተብሎ ይጻፍ። አራተኛ፣ ድንጋይ ለሌላቸው ሰዎች የዕድሩን ጸሐፊና የሰፈሩን ሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ አያቶቻችንንም በቤታችን እንጠይቅ። አምስተኛ፣ መዝገቡ በሁለት ይገልበጥ፤ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይሁን። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋልና።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተር፣ እርሳስ፣ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜና ትዕግሥት ይበቃዋል። ለማንበብና ለመጻፍ የተማርን ሰዎች ያልተማሩት ወላጆቻችንና አያቶቻችን ላደረጉልን ሁሉ ልንከፍል የምንችለው ትንሹ ዋጋ ይህ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ስማቸውን መጻፍ ሳይችሉ እኛን ወደ ትምህርት ቤት ላኩ። ስማቸውን እኛ እንጻፍላቸው።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አያታቸው የት እንደ ተቀበሩ፣ የክርስትና ስማቸው ማን እንደ ነበረ፣ ከየት አገር መጥተው በዚህ ሰፈር እንደ ሰፈሩ ንገሯቸው። ልጁም በደብተሩ ይጻፈው። በዚያች ሌሊት ብቻ በዚህ አዳራሽ ካለነው ሰዎች ቁጥር የሚበልጥ ስም ከመጥፋት ይድናል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ተብሏል፤ እውነትም ይውላል። ነገር ግን በራሱ እግር ቆሞ አይደለም፤ የሚያቆመው ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች ለሥራውም ለከፍተኛ ትምህርትም እንበታተናለን። ከመበታተናችን በፊት ግን የመጀመሪያውን ደብተር ከፍተን ለተከታዮቻችን እናስረክብ።